የጀማሪ ፔዳል ስቲል ማሻሻል ያዋጣል ወይስ ለሚቀጥለው መሣሪያ ማጠራቀም ይሻላል?

ዜማ_ለቃሚ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ስለ አንድ ርካሽ የጀማሪ ፔዳል ስቲል ነው፤ ተቀምጠው ብረት በክሮቹ ላይ እያንሸራተቱ የሚጫወቱት፣ በእግር ፔዳልና በጉልበት ሌቨር የክሮቹ ድምፅ የሚለወጥ የጊታር ዓይነት። 10 ክር፣ ኢ9 ቅኝት፣ 3 ፔዳል፣ 2 የጉልበት ሌቨር። ሁለቱም ሌቨሮች ለግራ ጉልበት ናቸው፤ አንዱ 4ኛንና 8ኛን ክር ከኢ ወደ ኤፍ ያነሳል፣ ሌላው ከኢ ወደ ዲ ሻርፕ ያወርዳል። የቀኝ ጉልበት በኩል ባዶ ነው።

ያስቸገሩት ነገሮች አራት ናቸው። 3ኛው ክር ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል። የማውረጃው ሌቨር ሲለቀቅ 8ኛው ክር ወደ ቦታው አይመለስም። ኤ እና ቢ ፔዳል አብረው ሲረገጡ ያልተነኩት ክሮች ይወርዳሉ። ድምፁም ቀጭን ነው።

የታሰበው አዲስ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው)፣ አዲስ ቼንጀር (“ጣት” በሚባሉ ብረቶች ክሮቹን የሚያነሳና የሚያወርደው ክፍል) እና 2 የቀኝ ጉልበት ሌቨር መግጠም ነው። ወጪው ሲደመር መሣሪያው ከተገዛበት ዋጋ ግማሽ ያልፋል። ያዋጣል ትላላችሁ?

---

ቼንጀር_ፈታሽ

ወንድሜ፣ ቼንጀሩን እርሳው። ጣቶቹ፣ የሚዞሩበት አክስል፣ የሮዶቹ (ከፔዳልና ከሌቨር ጣቶቹን የሚስቡት ቀጭን ብረቶች) መንገድና እንጨቱ አንድ ላይ ተለክተው የተሠሩ ናቸው። የሌላ መሣሪያ ቼንጀር አምጥቶ መግጠም ግማሽ መሣሪያ እንደ አዲስ መሥራት ነው። ስለ ቀረው ከመወሰንህ በፊት ደግሞ ለካ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብህም። መቃኛውን በኬብል አገናኘው። በማይክ ከሆነ የክፍሉ ድምፅ ያሳስተዋል።

መጀመሪያ የእንጨቱን መለመጥ እይ። 4ኛውን ክር 0 ላይ ቃኝ፣ ምታው፣ እየጮኸ ሳለ ኤ እና ቢን እስከ ማቆሚያቸው ርገጥ። ኤ 5ኛንና 10ኛን፣ ቢ 3ኛንና 6ኛን ነው የሚስቡት፤ 4ኛውን የሚነካ የለም። ከወረደ የወረደው አራቱ ክሮች ሲወጠሩ እንጨቱና የቼንጀሩ አክስል ትንሽ ስለሚጎብጡ ነው። ከ3 እስከ 5 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) በጥሩ መሣሪያም ይታያል። 10 ካለፈ ጆሮ ይይዘዋል።

ቀጥሎ አመላለሱን እይ። 8ኛውን 0 ላይ አድርገህ አንዴ ወደ ኤፍ ወስደህ ልቀቅና መርፌውን ተመልከት። እንደገና 0 ላይ አምጣውና ወደ ዲ ሻርፕ አውርደህ ልቀቅ። ሁለቱን ለየብቻ ጻፍ፤ የሚናገሩት የተለያየ ነው።

ከመነሳት ሲመለስ ዝቅ፣ ከመውረድ ሲመለስ ከፍ የሚል ከሆነ ጥፋቱ በመቃኛ ቁልፎቹ በኩል ያሉት ሮለሮች ናቸው። ሮለሩ አልዞር ሲል ክሩ ላዩ ላይ ይንሸራተታል፤ ወደ አንድ ወገን የተንሸራተተው ክር ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ከመነሳት ሲመለስ ከፍ ብሎ ከቀረ ጣቱ በቆሻሻ ተይዟል፣ ወይም በሮዱ ጫፍ ያለው መቃኛ፣ የናይለን ዳዶው፣ ከልክ በላይ ጠብቆ ሮዱ ጣቱን ወደ ማረፊያው አላስደርስ ብሏል። ከመውረድ ሲመለስ ዝቅ ብሎ ከቀረ ግን የመመለሻውን ሞላ ጠርጥር።

---

ጣት_ወልዋይ

ስለ 3ኛው ክር ልጨምር። ጂ ሻርፕ ነው፣ 415 ኸርዝ አካባቢ፤ ቢ ፔዳል ወደ ኤ፣ 440 ይወስደዋል። በ61 ሴንቲሜትር ርዝመት ላይ ይህ ቀጭን ብረት ከሚችለው ጫፍ ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ ትንሽ ጭረት ይበቃዋል። ከ0.011 ኢንች ወደ ወፈር ያለ ክር መሄድም አያድነውም። ያልተጠቀለለ ክር በአንድ ርዝመት ለአንድ ድምፅ ሲቃኝ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊሜትር ላይ የሚያርፈው ጭነት ውፍረቱ ምንም ይሁን ምን ያው ነው።

ዋናው ነገር የተበጠሰበት ቦታ ነው። መቃኛ ቁልፉ ላይ ከሆነ አጠማዘዙ ነው፤ ክሩ በራሱ ላይ ተደራርቦ ይሆናል። 3 ወይም 4 ዙር፣ ወደ ታች እየወረደ፣ ሳይደራረብ ይበቃል። የቼንጀሩ ጣት አናት ላይ ከሆነ ጣቱ ቦይ አውጥቷል ማለት ነው። ክሩ በረገጥክ ቁጥር እዚያ ቦይ ውስጥ ይታጠፋል፣ ይቃናል፤ ሽቦ በእጅ ሲመላለስ እንደሚሰበረው ነው።

ክሩን አውጣ። ከ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት 5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስስ ሰንበር ቁረጥ። ጣቱ አናት ላይ አኑረህ ሁለቱን ጫፍ ይዘህ፣ ጫማ በጨርቅ እንደሚወለወለው፣ በክሩ አቅጣጫ ወዲያና ወዲህ ሳብ። ቦዩ ለጥፍር ሳይሰማ ሲቀር ወደ 1000፣ ከዚያ ወደ 2000 እለፍ፣ በብረት ማወልወያ ቅባት ጨርስ። እጅህን አንድ ቦታ ላይ አታዘውትር። የጣቱ ክብነት ከጠፋና አናቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ክሩ በአንድ ነጥብ ሳይሆን በሰፊ ቦታ ስለሚነሳ ዝዝ ማለት ይጀምራል፤ ያን የሚመልስ ወረቀት የለም። በጣም የጠለቀ ቦይ ከሆነ ጣቱን ብቻ ማስቀየር ይሻላል።

---

ዜማ_ለቃሚ

እግዜር ይስጥልኝ። ውጤቱ ይኸው፦ 4ኛው ክር በኤ እና ቢ 9 ሴንት ይወርዳል። 8ኛው ከኤፍ ሲመለስ 1 ሴንት ዝቅ፣ ከዲ ሻርፕ ሲመለስ 7 ሴንት ዝቅ። 3ኛው የሚበጠሰው ጣቱ አናት ላይ ነው፤ በጥፍር ሲዳሰስ ቦይ አለው።

---

ቼንጀር_ፈታሽ

በጣም ጥሩ። 1 ሴንት ከሆነ ሮለሮችህ ደኅና ናቸው። 7ቱ ሴንት የሞላ ወይም የቆሻሻ ነው። ከመሣሪያው ሥር ስትመለከት በእያንዳንዱ የማውረጃ ጣት ጫፍ ላይ አንድ ሞላ ታያለህ። ሥራው ሁለት ነው። ማውረጃው ሲለቀቅ ጣቱን ወደ ማረፊያው ይመልሳል፤ ክሩ በሌላ ፔዳል ሲነሳ ደግሞ የጨመረው ውጥረት የማውረጃ ጣቱን ከማረፊያው እንዳያላቅቀው ይይዛል። ስለዚህ የደከመ ሞላ ማንሻውንም ያበላሻል፦ ረገጥክ፣ ድምፁ ሊደርስ ሲል ልፍስፍስ ይላል፣ ዳዶውን ብታጠብቅም አይደርስም።

ሞላውን ከመንካትህ በፊት ግን አጽዳ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ዘይት ነው ጣቶቹን የሚያጣብቀው።

ክሮቹን አላልተህ አውጣ። መሣሪያውን ገልብጠህ ለስላሳ ነገር ላይ አስተኛውና ከቼንጀሩ ሥር ጨርቅ አንጥፍ። ቀለም የተቀባውን እንጨት በፕላስቲክ ሸፍን። የላይተር ቤንዚን በመርፌ ስሪንጅ በጣቶቹ መካከል አፍስስ፤ እሳት ከማይደርስበትና አየር ከሚያገኝ ቦታ ውጭ አታድርገው። እያፈሰስክ እያንዳንዱን ጣት በእጅህ አንቀሳቅስ። የሚወርደው ፈሳሽ ጥቁር ነው የሚሆነው። ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድገም፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ጣት አክስሉ ጋ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። አንድ ጠብታ ነው ያልኩት። ግራሶ አቧራ ይሰበስባል፤ ለተጣበቀ ቡሎን የሚረጨው ዘይት ደግሞ ሲደርቅ ሙጫ ይሆናል፣ ሁለቱንም አታስገባ።

ክር መልሰህ 8ኛውን ለካ። አሁንም ዝቅ ካለ ሞላውን ወደሚቀጥለው ቀዳዳ አሻግረው ወይም የማጥበቂያ ቪቴ ካለው በግማሽ ዙር አጥብቀው፣ ለካ፣ ድገም። 0 ላይ ሲደርስ አቁም። ከዚያ በላይ ያጠበቅከው ሁሉ ጉልበትህ ላይ ነው የሚያርፈው።

ስለ 9ኙ ሴንት፦ የቼንጀሩን፣ የጫፍ ሳህኖቹንና የፔዳል ማያያዣዎቹን ቪቴዎች በሙሉ በካቻቪቴ ፈትሽ። የላላ ካለ ጥቂት ሴንት ይመለስልሃል። ቀሪው የመሣሪያው ጠባይ ነው። ኢዎቹን ከ3 እስከ 4 ሴንት ከፍ አድርገህ ቃኝ፤ ክፍት ሲሆኑ ትንሽ ከፍ፣ በኤ እና ቢ ትንሽ ዝቅ ይሉና ስህተቱ ለሁለት ይከፈላል።

---

ሦስት_በአራት

እስካሁን የተባለው ልክ ነው፤ ጽዳትና ማስተካከል ለየትኛውም መሣሪያ ያስፈልጋል። ከዚያ ማለፍ ላይ ግን አልስማማም። 9 ሴንት የሚለምጥ እንጨት ሌቨር ስለተጨመረለት አይጠነክርም። እንደ ሾ-በድ ማቨሪክ ያሉ የድሮ የተማሪ መሣሪያዎች 3 ፔዳልና 1 ሌቨር ይዘው ነበር የወጡት። እነዚህን ወደ 4 ሌቨር ለማድረስ የሚወጣው ገንዘብና ድካም ሲሸጡ አይመለስም። ገዢ የሚከፍለው ለመሣሪያው ስም ነው፤ ተጨማሪ የተቦረቦረ እንጨት ሲያይ ደግሞ ዋጋ ይቀንሳል።

ገንዘብ ማውጣት ካለብህ ወደሚቀጥለው መሣሪያ አብሮህ የሚሻገር ነገር ላይ አውጣ፦ ጥሩ የቮልዩም ፔዳል፣ 22 ሚሊሜትር ውፍረትና 83 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ባር (ክሮቹ ላይ የሚንሸራተተው ብረት)፣ ትክክለኛ ከፍታ ያለው መቀመጫ። ከጀማሪ ዕቃ ጋር የሚመጣው ባር ብዙ ጊዜ አጭርና ቀላል ነው፤ 10ሩን ክር አይሸፍንም። ሰው ቀላልነቱን በእጁ ጉልበት ሊያካክስ ሲጫን ክሩ ይጎብጥና ድምፁ ይሳሳታል። ከ200 ግራም በላይ ከሆነ ባሩ በራሱ ክብደት ያርፋል፤ እጅህ የሚመራው ብቻ ይሆናል።

---

ባለ_ስታኞ

ድምፁ ቀጭን ነው ላልከው፦ ፒክአፑን ከመግዛትህ በፊት የቮልዩም ፔዳሉን ከመሀል አውጣና መሣሪያውን በአንድ 3 ሜትር ኬብል በቀጥታ ከአምፕ ጋር አገናኝ። ድምፁ ከተከፈተ ፒክአፑ ጥፋት የለበትም።

የስቲል ፒክአፕ ብዙ ሽቦ የተጠቀለለበት ነው፤ በሙልቲሜትር ሲለካ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ኦም መምጣቱ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ፒክአፕ ከኋላው ዝቅተኛ መቋቋም ያለው ፖት (በፔዳሉ ውስጥ የድምፁን መጠን የሚቆጣጠረው ዕቃ) ሲገኝ የላይኛው ድምፅ (ትሬብሉ) ይታፈናል፣ ረጅም ኬብል ሲጨመር ይብሳል። ለጊታር ተብሎ የተሠራ ፔዳል ውስጥ 250 ኪሎ ኦም ፖት ካገኘህ 500 ኪሎ ኦም፣ ሎጋሪዝም የሆነውን አስገባ። ሁለት ሽቦ ነቅሎ በስታኞ መበየድ ነው፤ የሚያስቸግረው ፖቱን የሚያዞረውን ሲባጎ ሳይላላ መልሶ መጠቅለል ብቻ ነው። ሲረገጥ የሚንኮሻኮሽ ፔዳልም ችግሩ ያው ያለቀ ፖት ነው።

ካንተ አባባል ግን ድምፁ የታፈነ ሳይሆን የሳሳ ይመስላል። ያ ከሆነ የፒክአፑን ርቀት እይ። ከክሩ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ርቆ ከሆነ ወደ 3 አምጣው። በጣም ካስጠጋኸው ደግሞ ማግኔቱ ወፍራሞቹን ክሮች ይስባል፣ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። በ1ኛና በ10ኛ ክር በኩል ያለው ርቀት እኩል ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ጫፎቹን ለየብቻ አስተካክል። የቀኝ እጅህንም ከቼንጀሩ 5 ሴንቲሜትር ያህል አርቀህ ሞክር፤ ከብረቱ ሥር ሲመታ የትኛውም ፒክአፕ ቀጭን ነው።

ይህን ሁሉ አድርገህ ካልረካህ ብቻ ፒክአፕ ግዛ፤ የክሮቹን ስፋት ከ1ኛ እስከ 10ኛ በሚሊሜትር፣ የመግጠሚያ ቀዳዳዎቹንም ርቀት ለክተህ። አሮጌውን አትጣል፤ ስትሸጥ መልሰህ ታስገባዋለህ።

---

ሮድና_ሞላ

ሦስት በአራት፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ስለ ሌቨሩ የምለው አለኝ። ሁለት የግራ ሌቨር ብቻ ያለው ሰው የሚጎድለው ቅንጦት አይደለም። 1ኛና 2ኛ ክርን የፔዳል ስቲል ተጫዋቹ ባዲ ኤመንስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኢ9 ያስገባቸው ናቸው፤ 2ኛውን የሚያወርድ ሌቨር ከሌለ ከግማሽ በላይ ጥቅማቸው ተቆልፎ ይቀራል። ከትምህርት መጽሐፍና ከቪዲዮ የሚማር ሰው በየገጹ ይህን ሌቨር ያገኘዋል። አንድ ሌቨር፣ አንድ ብቻ፣ ያዋጣል እላለሁ። አራተኛው ከሚቀጥለው መሣሪያ ጋር ይምጣ።

ዜማ ለቃሚ፣ አስቀድመህ መሣሪያውን ገልብጠህ በቀኝ በኩል በጫፍ ሳህኑ የሚታዩትን ቀዳዳዎች ቁጠርልን። ለእያንዳንዱ ክር ስንት የማንሻ፣ ስንት የማውረጃ ቀዳዳ አለ? እያንዳንዱ ለውጥ የራሱ ቀዳዳ ይፈልጋል።

---

ዜማ_ለቃሚ

ለእያንዳንዱ ክር 2 ማንሻና 1 ማውረጃ። 5ኛው ላይ ሁለቱም ማንሻዎች ተይዘዋል። 2ኛውና 9ኛው ላይ ምንም የለም።

---

ሮድና_ሞላ

የ5ኛው ሁለት ማንሻዎች ኤ እና ሲ ፔዳል ናቸው፣ ትክክል ነው። 2ኛና 9ኛ ባዶ ከሆኑ መንገዱ ክፍት ነው። የቀኝ ጉልበት ወደ ቀኝ፦ 2ኛው ከዲ ሻርፕ ወደ ዲ ከዚያም ወደ ሲ ሻርፕ፣ 9ኛው ከዲ ወደ ሲ ሻርፕ።

የሚያስፈልግህ፦ ሌቨር ከነመያዣውና ከማቆሚያ ቪቴው 1፣ ተሻጋሪ ዘንግ ከ2 መያዣ ጋር፣ ቤልክራንክ (ዘንጉ ላይ ታስሮ ሮዱን የሚስብ ክንድ) 2፣ ሮድ 2፣ የናይለን ዳዶ 2። ከማዘዝህ በፊት የነባሩን ሮድ ውፍረትና የጥርሱን ዓይነት በካሊፐር ለካ። የአንዱ ፋብሪካ ዳዶ ለሌላው ሮድ ላይገባ ይችላል፤ በግድ ከገባ ናይለኑ ይላጥና ቅኝቱ በየቀኑ ይሸሻል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ቤልክራንኩም የቼንጀር ጣቱም በርከት ያሉ ቀዳዳዎች አሏቸው፣ የሚሠሩት ግን በተቃራኒ ነው። ቤልክራንኩ ላይ ሮዱን ከዘንጉ ባራቅከው ቁጥር ብዙ ይስባል፣ ሌቨሩም ይከብዳል። ጣቱ ላይ ደግሞ ከአክስሉ ባራቅከው ቁጥር ይቀላል፣ ግን ረጅም ስበት ይጠይቃል። 2ኛው ክር ሙሉ ድምፅ፣ 9ኛው ግማሽ ድምፅ ስለሚወርዱ 2ኛውን ቤልክራንኩ ላይ ራቅ፣ 9ኛውን ቀረብ አድርገህ ጀምር። ጣትህ ላይ ያለው የማውረጃ ቀዳዳ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁሉንም ማስተካከያ በቤልክራንኩ ነው የምታደርገው።

የ9ኛውን ሮድ ሆን ብለህ ላላ አድርገው። 2ኛው ልክ ዲ ላይ ሲደርስ 9ኛው መሳብ መጀመር አለበት። ያኔ ጉልበትህ እዚያ ነጥብ ላይ ግድግዳ የነካ ያህል ይሰማዋል፤ እዚያ ካቆምክ ዲ፣ ከገፋህ ሲ ሻርፕ። ለዚህ ግማሽ ማቆሚያ የተለየ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።

ስትገጥም ዘንጉ ለክሮቹ በትክክል አግድም መሆኑን በማዕዘን ለካ፤ ዘንጉ ከጠመመ ቤልክራንኩ ሮዱን ወደ ጎን ይጎትተዋል፣ ሌቨሩም ይነክሳል። መያዣዎቹን ቪቴ ከማጥበቅህ በፊት ዘንጉ በጣት ሲገፋ በነፃ መዞር አለበት፤ በጎን ግማሽ ሚሊሜትር ያህል መላወሻ ይኑረው። የእንጨቱን ውፍረት ለክተህ የትራፓኖውን ጫፍ ከዚያ 5 ሚሊሜትር ባነሰ ቦታ ላይ በፕላስተር ጠቅልል፤ ፕላስተሩ እንጨቱን ሲነካ ታቆማለህ። ይህን ያልጠቀለለ ሰው በላይኛው ገጽ ብቅ ይላል። የቪቴውን ጥርስ ሻማ ላይ አሽተህ አስገባ፤ ደረቅ ጥድፊያ የሜፕል እንጨት ይሰነጥቃል።

---

ሦስት_በአራት

ቀዳዳዎቹ ባዶ ከሆኑና በአንድ ሌቨር ከተወሰነ ተቃውሞዬን አነሳለሁ። የቦረቦርከው ቦታ ከሥር ስለሆነ ከፊት አይታይም፤ ዕቃዎቹንም ስትሸጥ መንቀል ትችላለህ።

---

ዜማ_ለቃሚ

ጽዳቱ አልቋል። 8ኛው ከዲ ሻርፕ ሲመለስ አሁን 2 ሴንት ዝቅ ነው፤ ሞላው አንድ ቀዳዳ ተሻግሮ 0 ገባ። የቼንጀሩ ሁለት ቪቴዎች ላልተው ነበር፤ ከጠበቁ በኋላ 4ኛው ክር 6 ሴንት ነው የሚወርደው። ፒክአፑ 6 ሚሊሜትር ርቆ ነበር፣ ወደ 3 መጥቷል፤ ድምፁ ወፍሯል፣ አዲስ የመግዛቱ ሐሳብ ቀርቷል። የሌቨሩ ዕቃዎች ሊታዘዙ ነው። ሮዱ በምን ያህል ርዝመት ይቆረጥ?

---

ሮድና_ሞላ

ቤልክራንኩን ቦታው ላይ አስረህ፣ ሌቨሩ ሳይገፋ፣ ከቤልክራንኩ ቀዳዳ እስከ ጫፍ ሳህኑ ውጫዊ ገጽ ለካ። ዳዶው የሚጠመዘዝበት 15 ሚሊሜትር ጨምርበት። ረዝሞ ከቀረ ይቆረጣል፤ ካጠረ ሌላ ሮድ መግዛት ነው። መጀመሪያ 2ኛውን አስገባና ሲ ሻርፕን በማቆሚያ ቪቴውና በዳዶው ቃኝ፣ ሌቨሩ ሳይገፋ ሮዱ ላይ 1 ሚሊሜትር ያህል መላወሻ መኖሩን አረጋግጥ። 9ኛው ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው። የሌቨሩን ማቆሚያ በ9ኛው ክር ለማስተካከል አትሞክር፤ 2ኛው ይበላሽብሃል።